የውሰት ኮት

ባለፈው ቅዳሜ ከማርቆስ ወደ ይጁቤ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ናፍታሊን ሸተተኝ። ሌላው ሰው ስለ ናፍታሊን ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ አብራኝ የምትማር ልጅ የሽንት ቤት ሽታ ነው ትላለች። ለኔ ግን ናፍታሊን የጋሽ ኑሩ ኮት ነው፤ የጋሽ ኑሩ ኮት ደግሞ ዲያቆኔ ነው። ዞር ስል አንድ ትልቅ ሰው ጥቁር ረጅም ኮት ለብሰው አጠገቤ ተቀምጠዋል። አንገቴን አስግጌ ግራ ደረታቸውን ማየት ጀመርኩ።

«ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም አባባ። ኮትዎን እያየሁ ነው።»

«ሰልባጅ ነው እኮ። ብርዱ ሲጀምር ትላንት ከሣጥን አወጣሁት።»

ደረታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ይጁቤ ድረስ የተጓዝኩት እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳይሆን እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ ነው።

አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት በሰሜን በኩል ጦርነት የነበረበት ዓመት ነው። ትምህርት ቤታችን የዘማቾች መሰብሰቢያ ሆነና እኛ ቤት ዋልን። በአጥሩ ቀዳዳ ስመለከት እኔ የምቀመጥበት ዴስክ ወደ ደጅ ወጥቶ ሁለት ጢማም ጎልማሶች ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠውበት ቂጣ ይቆርሱ ነበር። ጦርነት ማለት ትልልቅ ሰዎች እንደገና አራተኛ ክፍል የሚገቡበት ነገር መሰለኝ። እንዲያውም ትንሽ አዘንኩላቸው፤ የሒሳብ መምህራችንን ስለማውቃቸው።

እማዬ ሥራ የፈታ ልጅ ማየት አትወድም። ያን ጊዜ ላማችን ወልዳለች፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ገብቷል። «ላሟን ጾም መግባቱን ማን ይንገራት» ትላለች እማዬ፣ ስታልባት። እኛ የማንጠጣውን ወተት በጆግ ሞልታ በየጠዋቱ ወደ ጋሽ ኑሩ ትልከኛለች። «ወተቱን ሰጥተሽ ትምህርቱን ይዘሽ ነይ፤ በባዶ ጆግ እንዳትመለሺ።»

ጋሽ ኑሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከወንድማቸው ሱቅ በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። በድሮው መንግሥት ጊዜ ሩሲያ ተልከው፣ ኦምስክ በሚባል ከተማ ተምረው የመጡ ናቸው። ከተማውን ሲጠሩት ጥርሳቸው ይገጣጠማል፤ እስካሁን የበረዳቸው ይመስላል። «የጮቄ ብርድ ያሳደገኝ ነኝ፣ ብርድ ምንም አያደርገኝም እያልኩ ሄድኩ» ይሉኛል። «የኦምስክ ብርድ ግን እጅ አለው። ጆሮሽን ይዞ ይጎትትሻል።» እንጀራ በወተቱ ፈትፍተው ይበላሉ፤ እኔ የወንዝ ስም እቆጥራለሁ። ጀማ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ፤ እሳቸው ሁልጊዜ ያልሰሙ ይመስላሉ።

ኮታቸው ከበሩ ትይዩ ባለ ምስማር ላይ ይሰቀላል። እንደ ብርድ ልብስ ከባድ ነው፤ ገበሩ ወልቆ አልቋል፤ ናፍታሊን፣ የበግ ፀጉርና የድሮ ዝናብ ይሸታል። አንድ ጠዋት ውርጭ አንቀጥቅጦኝ ስገባ «ግቢበት» አሉኝ። ኮቱን ከምስማሩ ሳላወርደው ከሥሩ ገባሁና ቆሜ ጨለማውን ማሽተት ጀመርኩ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በግራ በኩል፣ ከፊቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥቃቅን የብርሃን ነጠብጣቦች አየሁ። ከበሩ የሚመጣው ብርሃን በመርፌ ቀዳዳዎች ውስጥ እያለፈ ነው። ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ወደ ጎን ይሄዳሉ። መስቀል ነው።

ወጣሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጋሽ ኑሩ፣ እርስዎ በስውር ክርስቲያን ነዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ኮቱ።»

ሳቃቸው ወተቱን በአፍንጫቸው አስወጣው። ወንድማቸው ከሱቁ «ምን ሆንክ?» እስኪል ድረስ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ነገሩኝ። ኮቱ የሳቸው አልነበረም። ሩሲያ ውስጥ ነጮችና ቀዮች በሚጣሉበት ዘመን አንድ የቤተ ክርስቲያን ልጅ መስቀል ደረቱ ላይ አሰፍቶ የዘመተበት ነው።

«ነጮች ከማን ጋር ተጣሉ?»

«ከቀዮች።»

«ፈረንጅ ሁሉ ነጭ አይደለም እንዴ?»

«አየሽ፣ እነሱም እንደሱ ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ባልተጣሉ» አሉ። ነጭም ቀይም የወገን ስም መሆኑን፣ አንዱ የድሮውን ሌላው አዲሱን መንግሥት እንደሚፈልግ ቢያስረዱኝም እኔ በልቤ ቀዮቹን ሁሉ በርበሬ እያስመሰልኩ ነው የሰማኋቸው።

ዲያቆኔ ያልኩት አጎቴ ይበልጣል ነው፤ የእማዬ ታናሽ ወንድም። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እማዬ ናት ያሳደገችው። ቅዱስ ሚካኤል ይቀድሳል፤ ቅኔ ይማራል፤ ፂሙ ገና አገጩ ላይ ብቻ ነው። ሲቀድስ ድምፁ ጨለማውን አልፎ መጥቶ የኛ ቤት ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ከሰው ድምፅ ሁሉ መሐል ለይቼ አውቀዋለሁ። እማዬ ሊጥ እያቦካች ቆም ትልና «ዛሬ ጉሮሮው ደርቋል፤ ተልባ ልበጥብጥለት» ትላለች። ልብሱን ሲያጥብም ያዜማል፤ አህያ ሲጭንም ያዜማል። እኔ ጆግ ተሸክሜ ስወጣ ደግሞ ዜማውን አቁሞ፣ ስሜን እየጠራ፣ «ስመኝ፣ የወተት ነጋዴ!» እያለ ያበሽቀኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሲወጣ አየሁት። ተመዝግቦ ነው የወጣው። እማዬ ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ምጣዱን አንስታ ያለቦታው አስቀመጠችው፤ ከዚያ እንደገና አነሳችው። «ደም የነካው ዲያቆን መቅደስ እንደማይገባ አንተ ነህ ያስተማርከኝ» አለችው። እሱ መሬት መሬት እያየ «እኔ ደም አልነካም» አለ። ማታ ላይ ጋሽ ኑሩን አስጠራቻቸው። ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ በሩን ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ቤቱ ናፍታሊን ናፍታሊን ሸተተ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩት» አለች እማዬ። «እኔን አልሰማም ብሏል። አገር ያየ ሰው ይሰማ እንደሆን።»

ጋሽ ኑሩ «አትሂድ» አላሉም። ኮታቸውን አውልቀው ግራ ደረቱን ወደ አምፖሉ ያዙት። የብርሃን ነጠብጣቦቹ ዲያቆኔ ጉንጭ ላይ አረፉ።

«የዚህ ኮት ባለቤት ኢልያ ይባላል» አሉ። «ኦምስክ ቤቷን ያከራየችኝ፣ ኮቱንም ያለበሰችኝ የእማማ ማርፋ ታላቅ ወንድም ነው። እንዳንተ ቤተ ክርስቲያን ያዜም ነበር። ካህናቱ አደባባይ ወጥተው ‹ቀዮቹ ቤተ ክርስቲያን ሊዘጉ ነው፤ ክርስቲያን የሆነ በፈቃዱ ይውጣ› ብለው ሰበኩ። ማንም አላስገደዳቸውም። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ሽበታሙ ሽማግሌ ሁሉ መስቀል ስሞ እየማለ ወጣ። የኢልያ እናት ነጭ መስቀል እዚህ ላይ ሰፋችለት። የኛዎቹም አልቀሩም።»

«የናንተ? እዚያ?» አለ ዲያቆኔ።

«እስላሞቹ። ታታር ይሏቸዋል። እነሱም አረንጓዴ ዓርማ ይዘው፣ ጨረቃ ደረታቸው ላይ ሰፍተው ለዚያው ጦር ወጡ። የጎረቤት ልጅ ራሺድ ከነሱ ጋር ነው። ሁለቱ እናቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በአንድ መቀስ፣ አንዷ መስቀል አንዷ ጨረቃ ቆረጡ። ማርፋ ያኔ ይቺን ልጅ ታክላለች፤ ክሩን የያዘችላቸው እሷ ናት።» ወደኔ ጠቆሙ። እኔ ሳላስበው እጆቼን ክር እንደያዘ ሰው ዘረጋሁ።

«ከዚያስ?» አለ ዲያቆኔ።

«ከዚያማ ጦር የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ጥቂት አሠልጥነው ላኳቸው። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ውጊያ አለቁ። የተረፉት በዚያ በረዶ በእግራቸው ሸሹ።»

«ኢልያ ራሱስ?» አለች እማዬ። ለምን እንደጠየቀች እንጃ፤ መልሱን የፈለገችው አትመስልም ነበር።

«ተመለሰ። የእግሩ ጣቶች በረዶ በልቷቸው ተመለሰ። እናቱ የዚያኑ ዕለት መስቀሉን ፈታች፤ ቀዮቹ እንዳያዩበት። ቀዳዳው ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አላዜመም። እህቱ ስትለምነው ‹እዚያ ረሳሁት› ይላታል፤ ድምፁን።»

ዲያቆኔ «ጋሽ ኑሩ፣ እኔ የምሄደው መስቀል ይዤ እንጂ ጠመንጃ ይዤ አይደለም። ቁስለኛውን የሚያጽናና ሰው ያስፈልጋል» አለ።

«ኢልያም ለእናቱ እንደዚያ ነበር ያላት።»

ሦስቱም የሰሙትን እኔ አልሰማሁም። እኔ የሰማሁት አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ተመለሰ። ያ ሁሉ ሰው አልቆ ይህን ኮት የለበሰው ተመለሰ። አህያችን ከወፍጮ ቤት ብትለቀቅ ብቻዋን ደጃችን ድረስ ትመጣለች፤ መንገድ ታውቃለች። ኮቱም መንገድ የሚያውቅ መሰለኝ።

«ጋሽ ኑሩ፣ ኮቱን ለዲያቆኔ ይስጡት» አልኩ።

እማዬ ዞር ብላ «አንቺ ቅሌታም፣ የሰው ልብስ ከላዩ ላይ ይለመናል?» አለች። ጋሽ ኑሩ ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮቱን አዩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆልፈው፣ ደህና እደሩ ብለው ሄዱ። ሰስተው ነው አልኩ በልቤ።

ዘማቾቹ የሄዱ ቀን ጠዋት ከተማው ሁሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር። ከበሮ ይመታል፤ እናቶች ዳቦና በሶ በፌስታል ይዘዋል፤ የጭነት መኪናዎቹ ሞተር የባህር ዛፉን ቅጠል ያንቀጠቅጠዋል። ዲያቆኔ የእጅ መስቀሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። ስስ ጃኬት ነው የለበሰው። እማዬ ጃኬቱን ደጋግማ ወደ ታች ትጎትተዋለች፤ ብትጎትተው የሚረዝም ይመስል።

ጋሽ ኑሩ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ። በሸሚዝ ብቻ ናቸው፤ ኮቱ ክንዳቸው ላይ ነው። ዲያቆኔ ትከሻ ላይ ጣሉት። ጋሽ ኑሩ ረጅም ስለሆኑ ኮቱ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወረደ። መኪናው ላይ ካሉት አንዱ «ዲያቆን፣ የምትዘምተው አንተ ነህ ወይስ ኮቱ?» አለና ሁሉም ሳቀ። ዲያቆኔም ሳቀ። እጅጌው ጣቶቹን ሳይቀር ውጦታል።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ኑሩ» አለ።

«ምን ሰጠሁህ?» አሉት ጮክ ብለው። «በውሰት ነው። ስጦታ አይደለም።»

ሳቁ ቆመ።

«ትሰማለህ? በውሰት ነው። ቁልፉ እንኳ እንዳይጎድል። እጄ ላይ አምጥተህ ትመልስልኛለህ።»

አንዲት ሴትዮ «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ለሚዘምት ልጅ» ስትል ሰማኋት። ፊቴ ጋለ። ኮቱን የለመንኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አገር ፊት መሳለቂያ ሆንን።

«እመልሳለሁ» አለ ዲያቆኔ።

«በማን?»

«ጋሼ፣ ይተዉት እንጂ» አለች እማዬ።

«አልተውም። በማን ነው የምትመልሰው?»

ዲያቆኔ ጋሽ ኑሩን ለረጅም ጊዜ አያቸው። አንድ ነገር የገባው መሰለ፤ ለኔ ምንም አልገባኝም። «ሚካኤልን! እመልሳለሁ» አለ። ጋሽ ኑሩ ራሳቸውን ነቀነቁና መንገድ ለቀቁ። እማዬን ሳመ፤ እኔን አነሳኝ፤ ፊቴ ናፍታሊኑ ውስጥ ገባ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማዜም ጀመረ። ድምፁ ከሞተሩ በላይ ወጣ። መኪናው በመታጠፊያው ከተሰወረ በኋላ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ይሰማን ነበር። ከዚያ ሞተሩ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

በማግስቱ ወተቱን በሩ ሥር አስቀምጬ ልሮጥ ስል ጋሽ ኑሩ ያዙኝ።

«ዛሬ ወንዝ የለም?»

«የለም።»

«ምነው?»

«ቆንቋና ስለሆኑ» አልኳቸው። ቃሉን ከአፌ ካወጣሁት በኋላ እማዬ ብትሰማ ምን እንደምታደርገኝ ታየኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ምስማሩ ላይ ኮቱ የለም፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሎ የኮቱን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ዕለት ማታ ለአጎትሽ ያልነገርኩት አለ» አሉ። «ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ የራሺድ እናት ሁለት ጥንድ የሱፍ ጓንት ሠርታ አመጣች። አንዱን ለልጇ ሰጠችው፤ የልጇ ነው። ሁለተኛውን ለኢልያ ስትሰጥ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነውና፣ ስታፍር ስትቀልድ፣ ‹ላንተ በውሰት ነው፤ ሱፉ ውድ ነው፤ መልስልኝ› አለችው። ኢልያ በዚያ በረዶ ውስጥ ልተኛ፣ ልረፍ ባለ ቁጥር የሚነሳው ‹የሴትዮዋን ጓንት ሳልመልስ› እያለ ነው። እቤቱ ሳይገባ መጀመሪያ የሷን በር አንኳኳ። ጓንቱን ሰጣት።»

«ራሺድስ?»

«ራሺድ አልመጣም። ሴትዮዋ እስክትሞት በየማታው የነማርፋን በር እያንኳኳች ‹ለልጄ ለምን ሰጠሁት? ባውሰው ኖሮ› ትል ነበር።» ጋሽ ኑሩ ብርድ ልብሱን አጠበቁ። «ሞኝነት ነው። ጂኦግራፊ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ለሚሄድ ሰው ስጦታ አልሰጥም።»

ወንዞቹን ጀመርኩ። ጀማ ላይ ስደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ኑሩ ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ በኛ በር ያልፋሉ። አይገቡም፤ አንኳኩተው ይቆማሉ። «ኮቴ አልመጣም?» ይላሉ።

መጀመሪያ አካባቢ እማዬን ይከፋት ነበር። «ሰውየው ለጨርቁ ነው የሚጨነቁት» ትል ነበር። የጓንቱን ነገር በነገርኳት ማግስት ማታ ሳያንኳኩ በፊት በሩን ከፍታ ጠበቀቻቸው።

«ኮቴ አልመጣም?»

«ገና ነው ጋሼ። ይመጣል።»

«ይምጣ። ብርድ ነው።»

የዲያቆኔን ስም ሁለቱም አይጠሩትም። ኮቱን ብቻ ነው የሚያወሩት። እማዬ «ዝናብ እንዳያገኘው» ትላለች፤ ጋሽ ኑሩ «የሩሲያ በረዶ ያልበላው ኮት ነው» ይላሉ፤ እሷ ትንሽ ትስቃለች፤ እሳቸው ይሄዳሉ። ጾሙ ተፈታ፤ ወተቱን እኛው መጠጣት ጀመርን፤ እማዬ ግን ለጋሽ ኑሩ አንድ ጆግ መላኳን አልተወችም። ጥምቀት መጣ። ታቦቱ ሲወርድ የቀዳሾቹን ድምፅ ስሰማ በለመደው ጆሮዬ አንዱን ልለይ ሞከርኩ። ሁሉም ያምራል፤ አንድም ቆርቆሯችን ላይ አላረፈም። ከሄዱት ብዙዎቹ እየተመለሱ ነበር፤ ዲያቆኔን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከቁስለኞች ጋር አየነው ከማለት በቀር የሚነግረን አላገኘንም። ሁሉም የሚያስታውሱት ኮቱን ነው። «ያ ረጅም ኮት» ይላሉ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ቤት ስደርስ ምሽት ሆኗል። እማዬ በሩን ከፍታለች፤ ሰዓቱ ነው። ጋሽ ኑሩ አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ጋቢያቸውን ደርበው ያስላሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ደረቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እንግዲያው የኛ አይደለም» አሉ፤ የተጽናኑ ይመስላሉ።

ከማርቆስ ይዤላቸው የመጣሁትን ሹራብ ከፌስታሉ አወጣሁ። ወፍራም ነው፣ ግራጫ፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ። ዳበሱት፤ ሱፉን በጣታቸው አሻሹት፤ ጥሩነቱን መሰከሩ። ከዚያ አጣጥፈው እጄ ላይ መለሱልኝ።

«ለወንድሜ ስጭልኝ» አሉ። «እኔ ኮት አለኝ። ሰው ጋ ነው።»